ያደረ መሬትና ጠፍ መሬት

የቃል ሥሩ ካልታወቀ ፍርዱ ይሳሳታል። ይህም ከሌላው ሁሉ ይልቅ በእርሻ ቃላት ይገለጣል፤ ስለ ምን ቢሉ፥ የእርሻ ቃል ከመጠሪያነቱ አልፎ ግብር የሚያስከፍልና እህል የሚያካፍል ነውና።

አስቀድመን የበሬውን ሥራ እንመልከት። ገበሬ ማሳውን መጀመሪያ ሲያርስ ገመሰ፥ ሁለተኛ ሲመልስበት አየመ፥ ሦስተኛ ሲያርሰው ሠለሰ ይባላል። ሠለሰ፥ ሠለስቱ ከሚለው የግእዝ ቁጥር ጋር ዘመድ መሆኑ ለቅኔ ተማሪ አይሰወርም። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለ ሆነ ማሳው ደጋግሞ መታረስን ይሻል፤ እንግዲህ «መሬቴን ገና መገመሴ ነው» ያለ ገበሬ ለዘር አልደረስሁም ማለቱ ነው። ጥማድም ጠመደ ካለው የወጣ ነው፤ ሁለት በሬ ማለት ሲሆን፥ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱትን መሬት ደግሞ ይለካበታል። ስለዚህ አፈሩ ሲከብድ፥ በሬውም ሲደክም ጥማዱ ያንሳል።

ወደ አርእስታችን እንመለስ። ያደረ መሬት ማለት ጉልበቱ ስለ ደከመ ገበሬው ዐውቆ ያሳረፈው ነው፤ ሣር ያበቅላል፥ ከብት ይሰማራበታል፥ ኃይሉም ሲመለስ ይታረሳል። ጠፍ ግን ጠፋ ካለው የወጣ ነውና ሰው የለቀቀው፥ እርሻ የራቀው ነው። ለመንገደኛ ሁለቱም ሣር ናቸው።

ይህ ልዩነት በመንግሥት መዝገብ በገባ ጊዜ ዋጋው ታየ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ ነበር፤ 40 ሄክታር ያህል የሚሆነው አንዱ ጋሻ ለም ቢባል 15 ብር፥ ለም ጠፍ ቢባል 10፥ ጠፍ ቢባል 5 ብር ይከፍል ነበር። ኋላም ዐሥራቱ በገንዘብ ሲተመን በእነዚሁ በሦስቱ ስሞች ተተመነ። እንግዲህ ጠፉ ለም ተብሎ ቢጻፍ ገበሬው በማያፈራው መሬት ሦስት እጥፍ ይከፍል ነበር።

በአራሽና በባለ መሬት መካከልም እንዲሁ ነው። ሲሶ ከሦስት አንድ፥ እርቦ ከአራት አንድ፥ እኩል ግማሽ ማለት ነው። ከ12 ዳውላ እህል ሲሶው 4 ነው፤ እኩሌታው ግን 6 ነው። ለደሀ ቤት ሁለት ዳውላ እህል የክረምት ቀለብ መሆኑን ማንም አይስተውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲሆን፥ የጭሰኛው ግዴታ ቀረ። ሆኖም በሬ ያለውና መሬት ያለው ገበሬ ተስማምተው የእኩል ማረሳቸው እስከ ዛሬ አለ፤ ገመሳና ሥለሳም አሉ።

እንግዲህ በየአድባራቱ በወንጌል ኅዳግ የተጻፈውን የመሬት ስጦታ፥ ወይም የቀድሞውን የግብር መዝገብ የምታነብብ ወንድሜ ሆይ፥ ቃሉን ከመፍታትህ በፊት በሬ ጠምዶ ያረጀውን ሰው ጠይቅ። ያደረውን ጠፍ ብለህ ብትጽፍ፥ ያ ገበሬ ለልጁ ብሎ ያሳረፈውን መሬት እንደ ጣለው አድርገህ ትመሰክርበታለህና።