የዘፋኝ ጓዳ

ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ሲያርፍ ለስልሳ ዓመታት ያህል የዘፈነ ሰው ነበር። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘውም በዚሁ ከተማ ነው። ካሜራው ቅርብ ነበር፤ አድናቂው ግን ከትዳሩ ይልቅ ዜማውን ነው በቃሉ የሚያውቀው። ስሙ እንኳ የመድረክ ነው። ቤተሰቡ ያወጣለት ዓሊ መሐመድ ሙሳ ሲሆን «ቢራ»ን የሰጠው ድሬዳዋ ላይ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የተጫወተው ዘፈን ነው።

ዓሊ በጀመረበት ዘመን የዘፋኝን ገመና የሚያነፈንፍ ጋዜጣ አልነበረም። የሚያነፈንፈው አለቃው ነበር። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኛ እንደ ወታደር ደመወዝ ይቆረጥለት፣ እንደ ወታደርም ይታሰር ነበር። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የኦርኬስትራው ዘፋኝ ጥላሁን ገሠሠ እስር የገባው በሐሜት ሳይሆን በዘበኛነቱ ነው።

ደርግ ደግሞ መገናኛ ብዙኃኑን ጠቅልሎ ያዘ። ይህ አፈና ሳይታሰብ ለአንድ የዓለም ኮከብ ጠቅሞታል ማለት ይቻላል። ቦብ ማርሊ በ1971 ዓ.ም. መጥቶ ሻሸመኔ ድረስ ሲወርድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩትን ራስታዎች ሲጎበኝ፣ የሚያሯሩጠው ፎቶ አንሺ አልነበረም። የአፄውን ስም የሚያወድስ ዘፋኝ ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ የፊት ገጽ አይመችም ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግን ባለቤቱ ሪታ አስከሬኑን ወደ ሻሸመኔ ስለማምጣት ስትናገር ወሬው ዓለምን አዳረሰ፣ ጃማይካም ተቆጣች። በሕይወት ሳለ በጸጥታ የገባበት ከተማ ከሞተ በኋላ መነጋገሪያ ሆነ።

ከሁሉ የሚከብደው የጥላሁን ነገር ነው። በ1985 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ቤቱ ውስጥ አንገቱ በስለት ተቆርጦ ተገኘ። የፕሬስ ነፃነት ዐዋጅ ቁጥር 34 የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈልተዋል፣ አንባቢም ይፈልጉ ነበር። ማን ነው? ለምን? ከአዳማ መናኸሪያ እስከ ሻሸመኔ ቡና ቤቶች የማያወራ አልነበረም። እሱ ግን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ አፉን አልከፈተም። ሰውየው ድብቅ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ በስኳር በሽታ እግሩን ካጣ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር አደባባይ ወጥቷል። የሚገልጠውንና የማይገልጠውን የመረጠው ራሱ ነው። ዝምታው ሐሜቱን አላቆመም፣ ምናልባትም አባብሶታል። ግን እስካሁን የሚወራው ሁሉ ግምት ሆኖ ቀርቷል። እኔ ይህን ትልቅ ድል እለዋለሁ።

ሕግ የት ነበር የሚል ይኖራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። በቁጥር 28 ግን ሰውየው ዝነኛ ከሆነ ፈቃዱ ላያስፈልግ ይችላል ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ለሁሉም ያስከብራል፤ እስከ ዛሬ ግን ዘፋኙን በዋናነት የጠበቀው የራሱ ዝምታና የጎረቤቱ ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታውም ሳስቷል። ዛሬ አዳማ ሆቴል ገብቶ ቁርስ የሚበላ ዘፋኝ እንጀራውን ሳይቆርስ በሦስት ስልክ ይቀረጻል። በቀራጮቹ አልፈርድም፤ ዘፋኙም ሽምግልናውን፣ ሠርጉን፣ የልጁን ክርስትና በዩቲዩብ ለቆ እይታ ይቆጥራል። ቁጥር 28ን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት ከደጅ ቆሞ የሚያነሳውን ፎቶ አንሺ ነበር። ካሜራውን እጁን ይዞ ጓዳ የሚያስገባ ባለቤት ይመጣል ብለው አልገመቱም።