ሠራተኛው ከደጅ፣ ጨረታው ከውስጥ

ስሙማ፣ የጃማ ልጆች! ከወረኢሉ የመጣችሁም፣ ከመካነ ሰላም የዘለቃችሁም ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ የእጅ ባለሙያውን ነገር ነው።

ዘመኑ 1860 ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ይጓዛሉ። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ነው። ገደል ሲገጥም መንገድ ይጠረባል፤ አቀበት ሲመጣ ሰው በገመድ ይጎትታል። ወራት ፈጀ። የሠሩት ሚስዮኖች፣ እነ ቫልድማየር፣ ስማቸው በመጽሐፍ ተቀምጧል። አብሯቸው እሳት የበላውን ያገሬውን ሠራተኛ ግን ማን ጻፈው?

በዚያው አምባ ላይ ታስሮ የቆየ አንድ ልጅ ነበር። በ1857 አምልጦ ወሎ ገባ፤ እመቤት ወርቂት ተቀብለው ወደ ሸዋ አሳለፉት። ምኒልክ ናቸው። ኋላ በ1888 የዓድዋ ክተት ሲታወጅ፣ ሠራዊቱ እንዲሰባሰብ የተቀጠረው እዚሁ ጎረቤታችን ወረኢሉ ላይ ነው። ጦሩን ማን ሳለው? ኮርቻውን ማን ሠራው? ኩታውን ማን ሸመነው? ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው! ሰላም ሲሆን ግን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ጋብቻ ተከልክሎ፣ ርስት ተነፍጎ ኖረ። በ1900 ምኒልክ አዋጅ አስነገሩ፤ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እሳቸውን እንደሰደበ ይቆጠራል አሉ። ይህን አዋጅ ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ስድቡን ከለከለ፤ ገበያውን ግን አልከፈተም።

አሁን ወደ ዘመናችን ኑ። ደጎሎ ላይ፣ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ የጨረታ ማስታወቂያ ተለጥፏል እንበል። ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ የብረት በርና መስኮት ይፈለጋል። የቀጥቃጭ ልጆች፣ ብየዳ ተምረው በማኅበር የተደራጁ፣ ቆመው ያነባሉ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፤ አላቸው። ቲን ቁጥር፤ አላቸው። የአቅራቢነት ምዝገባ፤ ተሯሩጠው ያወጣሉ። የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ፣ በባንክ የክፍያ ማዘዣ፣ ሲል ግን እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ያለችውን ብር ባንክ ካስያዙ ብረቱን በምን ሊገዙ? ዝቅ ሲሉ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ የሠሩበትን ማስረጃ ይጠይቃል። ሥራውን የሰጣቸው ሳይኖር ማስረጃው ከየት ይምጣ? ዴስኩም በሩም መስኮቱም በአንድ ጥቅል ወጥቷል፤ ያን ጥቅል የሚችለው ከሩቅ ከተማ የመጣ ነጋዴ ነው። እሱ ያሸንፍና እነዚያኑ ልጆች በቀን ሒሳብ ይቀጥራቸዋል። ሥራው የእጃቸው፣ ትርፉ የሰው!

ሕግ አልረሳቸውም። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት ፈቅዶ ነበር። ማስፈጸሚያ መመሪያው በዋጋ ውድድር 3 በመቶ ብልጫ ሰጣቸው፤ የጨረታ ሰነድ በነፃ እንዲወስዱ፣ በሲፒኦ ፈንታም ያደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው አለ። አዋጁ ዛሬ በቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ የወረዳ ግዥ ደግሞ በክልሉ ሕግ ይመራል። እኔን ብትጠይቁኝ 3 በመቶዋ ብዙ አታራምድም፤ ብረት በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ያገኘው ቅናሽ ብቻ ይበልጣታል። ዋናው ደብዳቤው ነው። ደብዳቤው የሲፒኦውን ደጅ ይከፍታል።

«ጥራቱስ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአርከበ ዕቁባይ የከንቲባነት ዘመን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ስትጀምር፣ ብሎኬቱን፣ ፕሪካስቱን፣ በርና መስኮቱን በብዛት ያመረቱት ጥቃቅን ማኅበራት ናቸው። ከተማው የመሥሪያ ቦታ ሰጠ፣ አሠለጠነ፣ ምርታቸውንም ራሱ ገዛ። ቀጥሎ ኮብልስቶን መጣ፤ በየከተማው ጥቁር ድንጋይ ጠርቦ መንገድ ያነጠፈው የተደራጀ ወጣት ነው። ልምድ የመጣው ከሥራው ነው እንጂ ቀድሞ አልነበረም።

ሥራ ለተገፉት መክፈት በሌላም አገር ተሞክሯል። በአሜሪካ አትላንታ እ.ኤ.አ. በ1973 ሜናርድ ጃክሰን የሚባል ጥቁር ከንቲባ መረጠች። ትልቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው። ከዚያ በፊት ጥቁሮች ከከተማው ውል የሚደርሳቸው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ጃክሰን ሩብ ያህሉ ለእነሱ ካልደረሰ ግንባታው አይጀመርም ብሎ ቆመ። ባለሀብቱ ጮኸ፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። ማረፊያው በ1980 ተከፈተ፤ ዛሬ ስሙ በማረፊያው ላይ አለ። ጎረቤታችን ኬንያም ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶው ለሴቶች፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች እንዲለይ ደንግጋለች።

ጨረታ ማሸነፍ ብቻውንም አይበቃም። ርክክብ ተደርጎ ክፍያ ከዘገየ፣ ነጋዴው ይታገሣል፤ ብረቱን በዱቤ የወሰደ ማኅበር ግን ይፈርሳል።

አብሽሩ፣ ጊዜው አላለፈም። የበጀት ዓመቱ የሚገባው ሐምሌ 1 ነው፤ የግዥ ዕቅድ ከዚያ በፊት ይሰናዳል። ሰኔ ሳያልቅ ተሰብስባችሁ ሂዱና ጠይቁ፦ ዴስኩ ለብቻው፣ በሩ ለብቻው ይውጣልን፤ ደብዳቤው ያለ ደጅ ጥናት ይጻፍልን፤ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጠን፤ ቀሪው ሥራውን በተረከባችሁበት ወር ውስጥ ይከፈለን። እናንተም ሸክላ ሠሪ እናቶች አትቅሩ፤ ለትምህርት ቤት ምገባ ምድጃ ሲገዛ፣ የእናንተ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በዕቅዱ ይግባ በሉ።