በ48 እና በ10,000 መካከል፦ የወላይታ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንዴት ይነበብ?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1937 ከወላይታ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ። የጣሊያን ወረራ አብቅቶ ሲመለሱ የጠበቃቸው ማኅበረ ምእመናን ግን በእነርሱው ግምት ወደ 10,000 ይጠጋ ነበር። ይህን ታሪክ ለዓመታት ሳስተምር ሁለቱን ቁጥሮች በሰሌዳው ላይ ጽፌ በመካከላቸው ቀስት አሰምር ነበር። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ቀስት ነው፤ ታሪኩን ሸፈነው እንጂ አልገለጠውምና።

በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራው ቡድን ወደ ደቡብ የዘለቀው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በወላይታ የመጀመሪያው ጥምቀት የተፈጸመው በ1933 መጨረሻ ነበር። ሆኖም ዘሩ የወደቀው ባልታረሰ መሬት ላይ አልነበረም። የንጉሥ ጦና መንግሥት በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ከተሸነፈ ወዲህ ነባሩ ሥርዓት ተናግቶ፣ ገበሬው ገባር ሆኖ ኖሯል። ከሚሲዮናውያኑም አስቀድሞ ኤሳ ላሌ የተባለ ሰባኪ በደቡብ እየዞረ፣ ሕዝቡ መናፍስትን ትቶ ወደ ፈጣሪ፣ ወደ «ጦሳ»፣ እንዲጸልይ አስተምሮ ነበር።

በወረራው ዘመን ጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎችም ታሰሩ፣ ተገረፉ። ታዲያ ይህች ለጋ ቤተ ክርስቲያን በምን ጸናች? ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛ፣ ሚሽኑ ከመነሻው አመራሩን ለአገሬው ሽማግሌዎች ሰጥቶ፣ የውጭ ገንዘብ ምሰሶ እንዳይሆን መጠንቀቁ ነው። ምሰሶው የውጭ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሲሄድ ቤቱ በወደቀ ነበር። ሁለተኛ፣ የማርቆስ ወንጌልን ጨምሮ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች በወላይትኛ መገኘታቸው ነው። ማንበብ የሚችለው ላልቻለው ያነብ ነበር። ሦስተኛው ከሁሉ የበለጠ ይመስለኛል፦ በአገራችን የእስረኛ ስንቅ የሚያደርሰው ዘመድ ነው። አማኞቹ በሥጋ ለማይዛመዷቸው እስረኞች ምግብ ሲያመላልሱ ያየ ጎረቤት፣ አዲስ ዝምድና መፈጠሩን ያለ ሰባኪ ተረዳ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። 48 የተጠመቁትን የሚቆጥር ነው፤ 10,000 ግን የማኅበረሰቡ ግምት ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም። ይህን የምለው ዕድገቱን ለመካድ አይደለም፤ ዕድገቱ እውን ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ስለ እነዚያ ዓመታት በስፋት የምናነበው በዚያ ወቅት በቦታው ያልነበሩ ሰዎች የጻፉትን ነው። የነበሩት አልጻፉም፤ ተናገሩ እንጂ።

የቋንቋችን ልማድም ተባባሪ ሆኗል። ባሕር ተሻግሮ የመጣውን «ሚሲዮናዊ»፣ ከወላይታ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ አሪ የሄደውን «ወንጌላዊ» እንላለን። ሁለቱም መልእክተኞች ናቸው፤ ሁለቱም የሰው አገር ቋንቋ ተምረዋል፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ተቸግረዋል። የአንዱ ደብዳቤ ግን በቤተ መዛግብት ተቀመጠ፤ የሌላው ትዝታ በልጆቹ አፍ ቀረ። የሚስቱ ድካም ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይወሳል።

በዚያ ዘመን ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት እየደፈነ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ለእረፍት ወደ ቀያችሁ ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጠቅሳችሁ በራሱ ቋንቋ ጻፉ።

እኔ ቀስቱን ከሰሌዳው አጥፍቼዋለሁ። በ48 እና በ10,000 መካከል ያለው ስፍራ ግን ገና ባዶ ነው፤ በዚያ የሚጻፉት የሰዎች ስሞች ናቸው።