ከሰሜን ዋልታ እስከ አባ ሳሙኤል፦ የተጓዥ ወፎች ቆጠራ ታሪክ

ሱረቱ ነምልን የቀራ ልጅ ሁሉ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ወፎቻቸውን የተቆጣጠሩበትን ታሪክ ያውቀዋል። በዚያ ሁሉ ሠራዊት መካከል ልብ ያሉት የጎደለውን፣ ማለትም ሁድሁድን ነበር። ሁድሁድም ብዙ ሳይቆይ ከሰበእ ምድር ወሬ ይዞ ደረሰ። ሙፈሲሮች በዚህ ሥር ብዙ ጽፈዋል። ለዛሬው ጽሑፋችን የምንይዘው ግን አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ያሉትን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው የጎደለውን ሊያውቅ አይችልም።

ውድ አንባቢያን! አገራችን ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም። የባሕር ዳርቻ ወፎች ግን በየዓመቱ ይመጡባታል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች በሚገናኙበት፣ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በገደቡት በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ጭቃ ላይ ቀጫጭን እግርና ሹል መንቁር ያላቸው ወፎች ትል እየለቀሙ ይውላሉ። እኛ የአካባቢው ሰዎች ሁሉንም «የውሃ ወፍ» ብለን እናልፋቸዋለን። ከእነርሱ መካከል ክብደቷ 25 ግራም ገደማ የሆነች፣ በሰሜን ዋልታ አጠገብ በሳይቤሪያ የተፈለፈለች ትንሽ ወፍ አለች። በነሐሴና በመስከረም መምጣት ይጀምራሉ፤ ሚያዝያ ላይ ለመራባት ወደ ሰሜን ይመለሳሉ።

ወፎች ወቅት ጠብቀው አገር እንደሚለዋውጡ ዐረቦች ከጥንት ያውቁ ነበር፤ እንዲህ ያሉትን ወፎች «ቀዋጢዕ» ይሏቸዋል። የበስራው ጃሒዝ በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን «ኪታቡል ሐየዋን» በተሰኘው ኪታቡ ስለ እነርሱም፣ ወራት ጠብቀው ወደ በስራ ስለሚመጡ ዓሦችም ጽፏል። በአውሮፓ ግን እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ድረስ የክረምት ወፎች ከሐይቅ ሥር ገብተው ይተኛሉ የሚሉ ታላላቅ ሊቃውንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን አንድ ሽመላ ሲገደል አንገቱ ላይ የአፍሪካ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ምስኪኑ ወፍ ጦሩን ተሸክሞ ያን ሁሉ አገር አቋርጧል። ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት የአሉሚኒየም ቀለበት በ165 ወፎች እግር ላይ አሰረ። ከዚያ ወዲህ የአንዲት ወፍ መንገድ በማስረጃ ይታወቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2022 የሳተላይት መሣሪያ የታሰረባት አንዲት የባሕር ዳርቻ ወፍ ከአላስካ እስከ ታዝማንያ 13,560 ኪሎ ሜትር ሳታርፍ በ11 ቀን በርራለች።

መንገዱ ቢታወቅም ስንት ናቸው የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀመረ፤ የአፍሪካው በ1991 ተከተለ። በአገራችን ይህን ሥራ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ዋናው ቆጠራ ጥር አካባቢ የሚሆነው ወፎቹ በዚያን ጊዜ ከመንገድ አርፈው ስለሚቀመጡ ነው። ቆጣሪው በመነጽር አሥር ወፍ ይቆጥራል፤ ያ አሥር የሚይዘውን ስፍራ በዓይኑ ለክቶ መንጋውን በዚያ ይመትራል። ቀላል ይመስላል እንጂ መንጋው ሲነሣ ያዳግታል።

ቁጥሩ ሸክም አለው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) በኢራን ራምሳር ከተማ በተፈረመው ስምምነት መሠረት፣ ከአንድ የወፍ ወገን መቶኛውን እጅ በየጊዜው የሚያስተናግድ ረግረግ ዓለም አቀፍ ዋጋ ያለው ስፍራ ሊባል ይችላል። ያልተቆጠረ ረግረግ ግን ማንም የማይጠይቅለት ባዶ ጭቃ ነው። ማኅበሩ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መዝገብ በኢትዮጵያ ለወፎች አስፈላጊ ናቸው ያላቸው 69 ስፍራዎች ሲሆኑ አቃቂና አባ ሳሙኤል ከእነርሱ ውስጥ ናቸው።

ሳይታይ የጎደለም አለ። መንቁሩ ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ ከሳይቤሪያ ወደ ሰሜን አፍሪካ ይመላለስ የነበረ አንድ ወፍ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው በየካቲት ወር 1995 (እ.ኤ.አ.) በሞሮኮ ዳርቻ ነው። ከምድር መጥፋቱ በይፋ የተነገረው በ2025 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ይኖር ይሆን?» ሲባል ኖረ!

በእኛው ሰፈር ኮዬ ፈጬ ትናንት ማሳ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰው ቤት ያስፈልገዋልና በዚህ የሚያኮርፍ አይኖርም። አባ ሳሙኤልን የጎዳው ሌላ ነገር ነው፤ የከተማው ፍሳሽ በወንዞቹ ይገባበታል፣ እምቦጭም ውሃውን ይሸፍነዋል። እነዚህ ወፎች ደግሞ በአብዛኛው የሚበሉት በተገለጠ ጭቃ ላይ ነው።

በሐምሌም ይቆጠራል። በክረምት አብዛኞቹ ሰሜን ናቸው፤ ለመራባት ያልደረሱ ጥቂት ወጣቶች ግን እዚሁ ይከርማሉ። ከብዙዎቹ ወገኖች መጀመሪያ የሚመለሱት ትልልቆቹ ናቸው። የዓመቱ ጫጩቶች ከሳምንታት በኋላ፣ መንገዱን የሚያሳያቸው ወላጅ ሳይኖር፣ አይተውት ወደማያውቁት ጭቃ ብቻቸውን ይመጣሉ።