አነስተኛ ቶርኖ በቤት ውስጥ፦ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

ከደጋማዋ ቦሬ በአዶላ በኩል ወደ ነገሌ ቦረና ቆላ በሚወርደው መንገድ ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ የእህል ወፍጮ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ጋሪና ባጃጅ የዕለት ኑሮው አካል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲቆም ምክንያቱ ሁልጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም፤ የተበላ ቦኮላ፣ የተቆረጠ ፒን ወይም ጥርሱ ያለቀ ብሎን ሊሆን ይችላል። መለዋወጫው በአቅራቢያ ካልተገኘ ግን ገበሬው እህሉን ጭኖ ሌላ ወፍጮ ይፈልጋል፤ አርብቶ አደሩም በደረቁ ወራት ከብቶቹን ወደ ሩቅ ውኃ ይነዳል። በቤቱ አነስተኛ ቶርኖ ያለውና በትርፍ ጊዜው ብረት የሚሠራ ሰው ይህን ችግር በከፊል ማቃለል ይችላል፤ የመሣሪያውን ገደብ ጠንቅቆ ካወቀ።

የቶርኖ አሠራር

ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ በስለት የሚቀርጽ መሣሪያ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ሌዝ ማሽን ይባላል። በመሰርሰሪያ የሚዞረው ስለቱ ነው፤ በቶርኖ ግን የሚዞረው ብረቱ ራሱ ነው። ቸክ የሚባለው ክፍል ብረቱን ይጨብጣል፤ ስለቱም በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ይልጠዋል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ያሻሻለው ቶርኖ ተመሳሳይ ጥርስ ያላቸውን ብሎኖች በትክክል ለመቁረጥ አስችሏል።

ለቤት የሚሆኑት አነስተኛ ቶርኖዎች በተራው የ220 ቮልት መስመር የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ይይዛሉ።

ልክና ፍጥነት

ጀማሪው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ስለቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲገባ የብረቱ ውፍረት በአንድ ሚሊ ሜትር እንደሚቀንስ ነው፤ ብረቱ ስለሚዞር ከሁለቱም ወገን ይላጣልና።

ፍጥነቱ እንደ ብረቱ ዓይነትና ውፍረት ይለያያል። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ለስላሳ ብረት፣ በተለመደው የሃይ ስፒድ ስለት፣ በደቂቃ 265 ዙር ያህል ይበቃል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ዙሩ በግማሽ ይቀንሳል። ናስ ከዚህ በላይ ፍጥነት ይችላል። ከቸክ ውጭ የሚወጣው የብረት ርዝመት ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ ከበለጠ ደግሞ ጫፉ በደጋፊ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ብረቱ ይንቀጠቀጣል፣ ልኩም ይዛባል።

ቦኮላ በዘንግና በማቀፊያው መካከል የሚገባ ቀለበት ነው። ከዘንጉ ይልቅ ለስላሳ ከሆነ ማዕድን፣ ለምሳሌ ከነሐስ፣ የሚሠራው ውዱ ዘንግ ሳይጎዳ ርካሹ ቀለበት እንዲበላ ነው። ለ30 ሚሊ ሜትር ዘንግ የቀለበቱ ቀዳዳ በ0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ማለት ይኖርበታል። ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት በተራ ካሊፐር መተማመን አይቻልም። ማይክሮሜትር የሌለው ሰው ቀዳዳውን በጥቂት በጥቂቱ እያሰፋ በዘንጉ ራሱ ይሞክር።

መተው ያለበት ሥራ

የወፍጮ ዋና ዘንግ፣ የተሽከርካሪ ፍሬንና መሪ ክፍሎች በቤት ቶርኖ ሊሠሩ አይገባም። እነዚህ ሲሰበሩ ሰው ይጎዳሉ፤ ተገቢውን የብረት ዓይነትና ትልቅ ማሽን ወዳለው ጋራዥ መሄድ አለባቸው።

ሠሪውም ለራሱ መጠንቀቅ ይገባዋል። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ እጅጌና ጓንት በሚዞር ብረት ይጠመጠማሉ፤ እጅንም ይዘው ይገባሉ። የዓይን መከላከያ ሳይደረግ ሥራ አይጀመርም። የቸክ መፍቻው ከቦታው ሳይነቀል ማሽኑ አይነሣም። የተላጠው ብረት እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ በብሩሽ እንጂ በእጅ አይጠረግም። መብራት ሲጠፋ ማብሪያው ወዲያውኑ ይዘጋ፤ መብራቱ ድንገት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ሊነሣ ይችላልና።

የሙያው ክብር

በኦሮሞ ማኅበረሰብ ቱምቱ የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮች ጦር፣ ቢላዋና የእርሻ መሣሪያ እየሠሩ ሕዝቡን ሲያገለግሉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች እንደታየው በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ ሲገለሉ ቆይተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሙያተኞችን መስደብ ከልክለው ነበር፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

የዛሬው ቶርኖ የዚያው ሙያ ቀጣይ ነው። አንዲት ቦኮላ ወፍጮውን ዳግም ስታስነሣ እህሉን የሚያስፈጨው ሁሉ ይጠቀማል። ስለዚህ ሙያውን መማር የሚሻ ወጣት ማሽን ከመግዛቱ በፊት በአቅራቢያው ከሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ወይም ከነባር ቶርኖ ቤት ዘንድ ልኬትንና ጥንቃቄን ቢማር ገንዘቡንም ጣቱንም ያተርፋል።