ከጨው የተወለዱ ቅስቶች

እ.ኤ.አ. በ1898 ጆን ዌስሊ ዎልፍ የተባሉ አዛውንት ትልቁን ልጃቸውን አስከትለው ከኦሃዮ ወደ ዩታ በረሃ ዘለቁ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እግራቸው ተጎድቶ ስለነበር ደረቅ አየር ይሻለኛል ብለው ነው። ሣርና ውሃ ያገኙት ከሞአብ ከተማ በስተሰሜን፣ በጨው ስም በሚጠራ ጅረት ዳር ነበር። ከጎጇቸው ሽቅብ በእግር ሲወጣ ዛሬ በዩታ መኪኖች ታርጋ ላይ ሳይቀር የሚታየው «ዴሊኬት አርች» ይገኛል። የአካባቢው ከብት ጠባቂዎች ለዚህ የድንጋይ ቅስት ያወጡለት ስም ግን «የመምህርቷ ሱሪ» የሚል ነበር።

የጅረቱ ስም በከንቱ አልወጣም። የቦታው ታሪክ የሚጀምረው ከጨው ነው።

የዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እዚህ ባሕር ነበር። የአፋር ረባዳ ከቀይ ባሕር ተቆርጦ እንደደረቀው ሁሉ፣ ይህም ባሕር ከውቅያኖስ እየተቆረጠ ሲተን፣ ተመልሶ ሲሞላ፣ እንደገና ሲተን ወፍራም የጨው ንጣፍ ትቶ ሄደ። በላዩ ደለልና አሸዋ ተከመረበት፤ ከክምሩም አንዱ ክፍል «ኤንትራዳ» የሚባለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ሆነ።

ጨው በእጅ ሲይዙት ደረቅ ነው። የተራራ ያህል ሸክም ሲጫነው ግን እንደ ሊጥ ይሸሻል። ከሥር እየተገፋ በአንዳንድ ቦታ ወደ ላይ ሲያብጥ፣ በላዩ ያለው ድንጋይ ጎብጦ እንደ ማሳ ትልም ጎን ለጎን ተሰነጠቀ። በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ ዘልቆ ጨውን ሲያሟሟው እብጠቱ ሰመጠ፤ ዳርና ዳሩ ላይ የቀሩት ስንጥቆችም ይበልጥ ተከፈቱ።

ከዚያ በኋላ ተራው የውሃ ነው። በዚህ በረሃ በዓመት የሚዘንበው ከ250 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ቢሆንም ጠብታዋ ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንደኛ፣ የአሸዋ ቅንጣቶችን እንደ ሙጫ ያያያዘውን ካልሲየም ካርቦኔት ታሟሟለች። ሁለተኛ፣ በክረምት ሌሊት ስንጥቅ ውስጥ በረዶ ሆና ስታብጥ ድንጋዩን ትፈለቅቃለች። ስንጥቆቹ እየሰፉ መተላለፊያ ሲሆኑ በመካከላቸው ረጃጅም፣ ቀጫጭን የድንጋይ ግድግዳዎች ቆመው ይቀራሉ። የግድግዳው ሥር ለስላሳ ንጣፍ ካለው ከላዩ ቀድሞ ይቦረቦራል። ዋሻ ይሆናል፤ ዋሻው ወዲያ ማዶ ሲበሳ ቅስት ይወለዳል።

ታዲያ የቀረው ለምን አይናድም? የቼክ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት አንድ መልስ ሰጥተዋል። ሸክም የተጫናቸው የአሸዋ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው መሸርሸርን ይቋቋማሉ፤ ሸክም ያላረፈባቸው ግን በቀላሉ ይታጠባሉ። ውሃው የሚያስቀረው እንግዲህ ክብደቱ ወደ መሬት የሚወርድበትን መስመር ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ማዕድን ፈላጊው የሃንጋሪ ተወላጅ አሌክሳንደር ሪንግሆፈር ይህን አገር ለቱሪስት ይሆናል ብለው ለባቡር ኩባንያ ጠቆሙ። ወሬው መንግሥት ዘንድ ደርሶ፣ ፕሬዚዳንት ሁቨር በ1929 ቦታው በብሔራዊ ቅርስነት እንዲጠበቅ አወጁ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ በተሰመረው ድንበር ውስጥ «ዴሊኬት አርች» አልነበረም፤ የተጨመረው በ1938 ነው። በ1971 ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በውስጡ ከ2,000 በላይ ቅስቶች ተቆጥረዋል፤ ከቁጥር ለመግባት ቀዳዳው ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት።

የቦታው ጠባቂዎች ቅስቶቹ ባሉበት እንዲቆዩ መመኘታቸው አልቀረም። በ1950ዎቹ «ዴሊኬት አርች»ን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ስለመቀባት ተጠንቶ ነበር፤ አያዋጣም ተብሎ ተተወ።

ድንጋዩ መውደቁን አላቆመም። ሰፋሪዎች «በመሠራት ላይ ያለ ቅስት» ይሉት ከነበረው «ስካይላይን አርች» በ1940 አንድ ትልቅ ቋጥኝ ወድቆ ቀዳዳው በእጥፍ ሰፋ። በመስከረም 1991 ደግሞ ወደ 90 ሜትር ከሚዘረጋው «ላንድስኬፕ አርች» 18 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሰሌዳ ተላቀቀ። ከሥሩ አረፍ ብለው የነበሩ ጎብኚዎች የመሰንጠቅ ድምፅ ሰምተው በጊዜ ሸሹ፤ በሥሩ ያልፍ የነበረው መንገድም ተዘጋ።

ነሐሴ 2008 የ«ዎል አርች» ተራ ደረሰ። በትልቅነቱ ከፓርኩ 12ኛ የነበረው ይህ ቅስት ሌሊት ማንም ሳያይ ተደረመሰ፤ ጠዋት የመጡ ሰዎች ያገኙት መንገዱን የዘጋ የቀይ ቋጥኝ ክምርና ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ጉቶዎችን ነበር።