ለጊዜው የኖሩበት ቤት

አንባቢ ሆይ፤ አቃቂን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አቃቂ የመንገደኛ አገር መሆኗ ነው። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲዱ የተዘረጋው በአቃቂ በኩል ነበር። ፋብሪካዎች ከተተከሉ ወዲህ ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ብዙ ቤተ ሰብ «ለጊዜው ነው» እያለ በአቃቂና በቃሊቲ ቤት ተከራይቶ ተቀምጧል። ይህች «ለጊዜው ነው» የምትባል ቃል ግን ሰውን ታታልላለች። ሰው ልቡን በሌላ አገር አኑሮ፥ ከጎረቤቱ ሳይላመድ ይኖርና የመሄጃው ቀን ሲደርስ ያ ቤት የዕድሜው አንድ ክፍል ሆኖ መኖሩን ያን ጊዜ ይረዳዋል።

ይህን ለማስረዳት በዚሁ በአቃቂ ሐዲድ ላይ ያለፈውን የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ እናስታውስ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ወደ ጅቡቲ የተጓዘው ባቡር ንጉሠ ነገሥቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፥ እቴጌ መነንንና ልጆቻቸውን ይዞ ነበር። የማይጨው ጦርነት ካለፈ ገና አንድ ወር ያህሉ ነው፤ የጠላት ጦርም ወደ ዋና ከተማው ተቃርቦ ነበር። ስደተኞቹ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ፥ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዞአቸውን ቀጥለው ግንቦት 26 ቀን ለንደን ገቡ፤ ሰኔ 23 ቀንም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል አሰሙ።

ከዚህ በኋላ የተቀመጡት ከለንደን በስተምዕራብ በምትገኘው በባዝ ከተማ ነው። ባዝ በኮረብታ መካከል ያለች፥ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ መመሥረት ምክንያት እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ አጋጣሚ የሚያስገርም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያች ከተማ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1932 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ለአራት ዓመት ያህል መኖሪያቸው አደረጉት።

ያ ቤት የድሎት ቤት አልነበረም። ገንዘብ እያነሰ ስለ ሄደ ከአገር የወጣው የብር ዕቃ ተሸጠ። እቴጌ መነን የእንግሊዝ አገር ብርድ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ልዕልት ተናኘ ወርቅ ልጆቻቸውን ይዘው በስደት ላይ ሳሉ ባለቤታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። ታላቂቱ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅም በኢጣልያኖች ተማርከው ተወስደው ነበርና በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በቱሪን ከተማ ዐረፉ። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» የሚለው ተረት በዚያ ቤት ውስጥ በየዕለቱ የሚታይ እውነት ነበር።

አቃቂ ራሷ እንኳ በዚያ ችግር ውስጥ ድርሻ ነበራት። ከጦርነቱ በፊት በአቃቂ የተተከለው የራዲዮ ጣቢያ ኢትዮጵያን ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኝ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ ለአሜሪካ ሕዝብ የተናገሩት በእርሱ ነው። በኢትዮጵያና በእንግሊዝ አገር መካከል ስለሚደረገው የራዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ለኢትዮጵያ የሚከፍለው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ1930 ዓ.ም. ሐምሌ ወርም ተፈረደላቸው። ነገር ግን ይግባኙ ሳይታይ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ስላወቀው፥ በኅዳር ወር 1931 ዓ.ም. ፍርዱ ተገለበጠ፤ ገንዘቡን የመጠየቅ መብትም ለኢጣልያ ንጉሥ ተላልፏል ተባለ። እንግዲህ የስደተኛ ችግር የእንጀራና የማገዶ ብቻ አይደለም፤ የራሱ የሆነውን ነገር «የእኔ ነው» ለማለት እንኳ የማይችልበት ቀን አለ።

ሆኖም አንባቢ ሆይ፤ ያን ዘመን በኀዘን ብቻ የምንለካው ከሆነ እውነቱን እናጐድላለን። በዚያ ቤት ሥራ ይሠራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁት በባዝ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው ግን ቈይቶ በ1965 ዓ.ም. ነው። ልዕልት ፀሐይ በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ይህንኑ ዕውቀት ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ሳሉ በወጣትነታቸው ቢቀጩም፥ ለመታሰቢያቸው በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ። ይህ ሁሉ «ለጊዜው ነው» ከተባለ ቤት የተገኘ ፍሬ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሱዳን ሄዱ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። የናፈቁትን አገር አገኙ። ጥያቄያችን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ወደ አገሩ የተመለሰ ቤተ ሰብ ስለ ተወው ቤት ምን ይናፍቃል?

የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ስለ ሆነ፥ ስለ ውስጣዊ ስሜታቸው ያልተጻፈውን አንናገርም። ነገር ግን እኛው ራሳችን ልናስበው እንችላለን። ቤተ መንግሥት ሰፊ ነው፤ ሥርዐቱም ወላጅን ከልጅ ያርቃል። በስደት ቤት ግን አያትም የልጅ ልጅም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባል። ከዚያ ቤት ሲወጡ የሚናፍቀው ድህነቱ ወይም ብርዱ አይደለም፤ በድህነቱና በብርዱ ጊዜ እርስ በርስ መጠጋጋቱ ነው። ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ሲሞት፥ በሕይወት ሳሉ አብረው የተቀመጡበት ማዕድ ምንኛ ይናፈቅ!

ሥራቸው ግን የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1947 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ባዝ ተመልሰው ሲሄዱ ከተማይቱ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ደግሞ ፌርፊልድን ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለከተማይቱ በስጦታ ሰጡ። ቤቱን ሸጠው ገንዘቡን ሊወስዱ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን በችግራቸው ቀን ላስጠጋቸው ሕዝብ የሚከፍሉት ይህ እንደ ሆነ ቈጠሩት። ከልዩ ልዩ አገር መጥተው በባዝ የሚኖሩ አረጋውያን ማኅበርም ለብዙ ዓመታት በዚያ ቤት ሲገናኝ ኖሯል፤ ስለዚህ የስደተኛው ቤት እንደ ገና የእንግዳ መሰብሰቢያ ሆነ ማለት ነው።

የታሪኩ ፍጻሜ ግን ያስተክዛል። በባዝ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ልዕልት ተናኘ ወርቅ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ 14 ዓመት ያህል ታስረው ከተፈቱ በኋላ እንደ ገና ከአገር ወጡ፤ ቈይተው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ሁለተኛው ስደት ሲመጣ የመጀመሪያው ስደት ቤት የሌላ ሆኖ ነበር፤ ቢሆንም ስጦታው ስጦታ ነውና የሚቈጭበት ሰው የለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ በአቃቂ ወይም በቃሊቲ በኪራይ ቤት ተቀምጠው «ነገ እሄዳለሁ» የሚሉ ከሆነ፥ ዕቃዎን ይፍቱ፤ የጎረቤትዎን ስም ይወቁ፤ ቡናውን ይጠጡ፤ በኀዘኑም ይድረሱ። ከሄዱ በኋላ የሚናፍቅዎ ይኸው ነውና። ባለ አገር ከሆኑ ደግሞ በደጅዎ የሚያልፈውን መንገደኛ «ላይቈይ ነው» ብለው አይናቁት። የባዝ ሰዎች እንግዶቻቸውን የተቀበሉት ለአራት ዓመት ብቻ ነበር፤ ምስጋናው ግን ሦስት ትውልድ አልፎ እስከ ዛሬ ይነገራል።